በቀኝ በኩል ጭላሎ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ሮቤ የሚበር ሰው በቀኝ በኩል ይቀመጥ። ሲመለስ ደግሞ በግራ። ይህን ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም፤ የመሬቱ አቀማመጥ፣ የፀሐይዋ አቅጣጫ፣ የአውሮፕላኑ ቅርፅና የወራቱ ጠባይ አንድ ላይ ሆነው የሚሰጡት ፍርድ ነው። እያንዳንዱን ላስረዳ። ምክንያቱን የያዘ ሰው ለሌላ መንገድም ወንበሩን ራሱ መምረጥ ይችላል።

ነገሩ ለእኔ የልብ ጉዳይ ነው። ያደግሁት አሰላ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ማታ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ቁልቁል ሲያዩ ዝዋይ ሐይቅ እንደተወለወለ ትሪ ያበራል። ከጀርባችን ተራራ፣ ከፊታችን ሐይቅ፤ ልጅነታችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር። አሰላ የሚያርፍ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ግን የለም፤ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው የሚኬደው። ስለዚህ ያገሬን ተራራ ከላይ ለማየት ያለኝ ዕድል፣ በአጠገቡ አልፎ ሌላ ቦታ የሚሄድ አውሮፕላን ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሮቤ ስበር ይህን ሁሉ አላሰብኩም። የመስኮት ወንበር ማግኘቴ ብቻ አስደስቶኝ በግራ ተቀመጥኩ። ሜዳ ሳይ፣ ሸለቆ ሳይ ቆየሁና ቀና ስል፣ ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡት ሰዎች መስኮታቸው ላይ ተደራርበው ይጠቋቆማሉ። ጭላሎ በእነሱ በኩል አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ትኬት ስቆርጥ መጀመሪያ የማደርገው ካርታ ላይ ክር መዘርጋት ነው። አንዱን ጫፍ ቦሌ ላይ፣ ሌላውን ማረፊያው ላይ አድርጌ ክሩን እወጥረዋለሁ። አውሮፕላን የመንገድ ጥምዝምዝ የለበትም። ሲነሳና ሲያርፍ ከሚያደርጋቸው መታጠፎች በቀር፣ በአጭር በረራ ላይ ከክሩ ብዙም አይርቅም። የቦሌና የሮቤ ክር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል። ቢሾፍቱን አናቷ ላይ ሊረግጣት ይደርሳል። የቆቃን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር ነክቶ የአርሲን ደጋ ይወጣል። ጭላሎን በስተቀኝ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትቶት ያልፋል። በክሩ ቀኝ የሚቀረው ብዙ ነው፤ ዝቋላ፣ የቆቃ ውሃ፣ ዝዋይ ከነደሴቶቹ፣ ጭላሎ፣ ባዳ፣ የገለማ ሸንተረር፣ ወደ ደቡብ ደግሞ እንቆሎና ካካ፣ በመጨረሻም ሮቤ ሲደረስ የባሌ ተራሮች። በግራ አዳማ፣ የቦሰት ተራራና የአዋሽ ሸለቆ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ደጋው ቀስ እያለ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ግራውን አልንቅም። ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ቀኙን ቢያጣ ይቆጨዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ካርታ ላይ ክሩ በቀጥታ የረገጠውን ቦታ ከአውሮፕላን በደንብ እናየዋለን ብለን እናስባለን። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ከእግራችን ሥር ያለውን ከየትኛውም መስኮት ማየት አይቻልም፤ ወለሉና የአውሮፕላኑ ሆድ ይጋርዱታል። የቢሾፍቱ ሐይቆች የሚታዩት አውሮፕላኑ ሲታጠፍ ያዘነበለበት ወገን ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። የቦሌ መንደርደሪያዎች ከሞላ ጎደል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ ከተነሳ ወደ ደቡብ ለመሄድ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ የቀኝ ክንፉም ዝቅ ይላል፤ በቀኝ ያለው ሰው መሬቱን እንደ ገበታ ያየዋል። ወደ ምዕራብ ከተነሳ ግን መታጠፉ ወደ ግራ ይሆንና ያቺ ቅጽበት ለግራው ትደርሳለች። ይህን የሚወስነው የዕለቱ ነፋስ ስለሆነ ማንም አስቀድሞ ሊመርጠው አይችልም።

ተራራን በተመለከተ ጥሩው ርቀት ከአሥር እስከ አርባ ኪሎ ሜትር ነው። ጭላሎ 4,000 ሜትርን ጥቂት ያልፋል። የአገር ውስጡ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በስድስት ሺህ ሜትር ገደማ ሲበር፣ ተራራው ከእኛ ሁለት ሺህ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ሃያ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ይቆማል። ከአግድም ስድስት ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ትከሻውና ጫፉ፣ የተሰነጠቀው ጎኑም ይለያል፤ ተራራ ተራራነቱን አያጣም። በአሥራ አንድ ሺህ ሜትር የሚበር ትልቅ ጄት ላይ ላለ መንገደኛ ይኸው ተራራ በአጠገቡ ቢያልፍ የተዳፈነ እሳት ክምር መስሎ ነው የሚታየው። ዝቅ ብሎና ቀስ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ለተመልካች በረከት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። አውሮፕላኑ ከጭላሎ ትክክል ሲደርስ አሰላ አትታይም። ተራራው በመካከል ይቆምና ከተማዋን ይሸፍናታል፤ ከጫፉ በላይ የሚታየው ከአሰላ ወዲያ ያለው ዝዋይ ነው። አሰላን ማየት የፈለገ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ገና ዴራና ሁሩታ አካባቢ ሳለ፣ በቀኝ ወደ ፊት አሻግሮ መፈለግ አለበት። ከጭላሎ ግርጌ የተነጠፈው የቆርቆሮ ጣሪያ ያኔ ብልጭ ይላል። ስለዚህ ሲኬድ ወደ ፊት የሚያሳይ ወንበር፣ ሲመለሱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚያሳይ ወንበር ይጠቅማል።

ይህም ወደ አውሮፕላኑ ቅርፅ ያመጣናል። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የምናውቀው ቦምባርዲየር ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው። ክንፍ መሬቱን አይጋርድም፤ ጃንጥላ ሥር እንደመቀመጥ ነው። የሚጋርደው ከክንፉ ሥር የተንጠለጠለው ሞተርና ፕሮፔለሩ ነው፤ መካከል ላይ ያሉት ጥቂት ረድፎች የሞተሩን ጎን እያዩ ይሄዳሉ። የእነዚያ ረድፎች መንገደኛ ግን አንድ ነገር ያገኛል። አውሮፕላኑ መሬት ሲለቅ ጎማው ገና እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ማቀፊያ ሲታጠፍና ክዳኑ ሲዘጋበት በጥቂት ሜትር ርቀት ያያል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ያስብበት። ለተራራ የሚሄድ ግን ከፕሮፔለሩ ፊት፣ ፊት ያሉት ወንበሮች ካልተገኙ ወደ ጅራቱ ይቀመጥ። ቦይንግ 737 ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክንፉ ከመስኮቱ በታች ስለሆነ መካከል የተቀመጠ ሰው የሚያየው ሰፊ የብረት ሜዳ ነው። ከክንፉ ኋላ ደግሞ የሞተሩ ትኩስ አየር ከሥር ያለውን መሬት እንደ ጉም ያርገበግበዋል። በጄት ላይ ከክንፉ ፊት ያለው ይሻላል። የወንበር ፊደልን በተመለከተ ኤ ሁልጊዜ የግራ መስኮት ነው፤ የቀኙ ፊደል እንደ አውሮፕላኑ ስለሚለያይ ቼክ ኢን ሲያደርጉ “የቀኝ መስኮት” ብሎ በቃል መጠየቅ ከስህተት ያድናል።

ፀሐይን ሳይቆጥሩ ወንበር መምረጥ ግማሽ ምርጫ ነው። ወደ ደቡብ በሚሄድ በረራ ላይ ጠዋት ፀሐይ በግራ ናት። በቀኝ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ብርሃን የወደቀበትን ፊት ያያል፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ጥላው ረጅም ስለሆነ የጭላሎ ምሥራቃዊ ሸለቆዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቀትር ላይ ግን ሁሉም ይስተካከላል። በአርሲ ኬክሮስ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ልክ አናት ላይ ትውላለች፤ ያኔ ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ገደሉም ሜዳ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ በግራ መስኮት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣለች። ተራራው ጥቁር ቅርፅ ብቻ ይሆናል፤ በምትኩ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ብር ይለብሳሉ። ዝርዝር ለሚፈልግ ጠዋት፣ የሐይቁን ነጸብራቅ ለሚወድ ከሰዓት በኋላ።

አሁን የሚታየው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ያላወቁትን ማየት ማየት አይሆንምና። ከቀኙ መስኮት የሚታየው ታላቁ የስምጥ ሸለቆና የምሥራቅ ግድግዳው ነው። የሸለቆው ወለል 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፤ የአርሲ ተራሮች ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በመካከሉ ያለው መሬት በአንድ ጊዜ አይወጣም፣ በደረጃ ነው። መሬቱ እየተሰነጠቀ ወደ ሸለቆው ስለተንሸራተተ እያንዳንዱ ስንጥቅ አንድ ደረጃ ትቷል፤ ከላይ ሲታይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ትይዩ መስመሮች ሆነው ይለያሉ። በመኪና ከአዳማ ወደ አሰላ ስንወጣ ጆሯችንን የሚደፍኑት ዳገቶች እነዚህ ናቸው። ጭላሎ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ሹል ያልሆነው ለዚህ ነው፣ አናቱ ሰርጎ ገብቶ ሞላላ ገንዳ ትቷል። ባዳ፣ ካካና እንቆሎም የዚያው የእሳት ዘመን ልጆች ናቸው።

ከተራራው ወዲያ ሐይቆቹ ይመጣሉ። ዝዋይ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለበት ነው። ከዝዋይ በስተደቡብ አሉቶ የሚባለው እሳተ ገሞራ አለ፣ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሏል። ከዚያ ቡናማው ላንጋኖ፣ አቢጃታና 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ይከተላሉ። አየሩ በጣም ከጠራ ሁሉም በአንድ መስኮት ይገባሉ። እነዚህ አራት ሐይቆች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ ከዛሬው በበዛበት ዘመን አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ የሞላው ውሃ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከላይ ሆኖ ዝቅተኛውን ሜዳ በዓይን ሲያገናኙት የድሮው ሐይቅ ይታያል። አቢጃታ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበት ግን የድሮ ታሪክ አይደለም። ወደ እሱ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ፣ የራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ በእኛ ዕድሜ የሸሸበት ዳር ነው። ይህን ቀለበት ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ይቀንሳል፤ ማየት ግን አለብን።

የገለማ ሸንተረር ከመስኮቱ ሲያልፍ አንድ ነገር አስቡ። በምዕራብ ጎኑ የወረደ ዝናብ ወደ ከታር ወንዝ ይገባል፤ ከታር ወደ ዝዋይ፣ ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ ወደ አቢጃታ፣ እዚያ ያበቃል። በሰሜን የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀልና አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በምሥራቅና በደቡብ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ዋቢ ደግሞ መልካ ዋከና ላይ ተርባይን አዙሮ፣ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውቅያኖስ ሳይደርስ አሸዋና ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ሦስት አቅጣጫ የሚሄድ ውሃ፣ አንዱም በወጉ ባሕር የማይደርስ። የዚህ ሁሉ መነሻ በአንድ መስኮት ውስጥ በሁለት ደቂቃ የሚያልፍ ሸንተረር ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙባት በቆጂ ከዚሁ ሸንተረር ማዶ ናት፤ ከዚህ በረራ ላይ ሸንተረሩ ስለሚከልላት አትድከሙ።

ወሩን በተመለከተ ምርጫዬ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ሄዷል፣ ደመናውም ተገፏል። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ገበሬው “ካዱ” የሚለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያስፋፋው እዚህ ነው፤ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ከአሰላ ቅርብ ነው፤ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ብቅል የሚያደርገው የዚህን ደጋ ገብስ ነው። ከመስኮት የሚታየው ይህ ታሪክ በቀለም ተጽፎ ነው። ቆላው ቀድሞ ይደርሳል፣ ደጋው ይዘገያል። በጥቅምት ከታች ያለው ማሳ ቢጫ ሲሆን ከላይ ያለው ገና አረንጓዴ ነው፤ በየሳምንቱ ቢጫው አንድ እርከን ሽቅብ ይወጣል፣ ከማሳው በላይ የአስታው ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ የጅብራው ግራጫ ሜዳ። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሮቹ ከኋላቸው የአቧራና የገለባ ጭራ እየጎተቱ ይታያሉ። ከጥር በኋላ አቧራ ሸለቆውን ይሞላዋል፤ ዝዋይ እንደ ጥላ ብቻ ይቀራል። በክረምት የሚሄድ ሰው ጠዋት ካልሄደ ጭላሎን አይጠብቅ። ቀትር ሳይደርስ ደመናውን ይደርባል።

የአርሲን ግድግዳ ሙሉውን፣ ከፊት ለፊቱ፣ ከነአሰላው ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ሮቤ ሳይሆን ወደ ሐዋሳ ይሂድ። የሐዋሳ ክር የስምጥ ሸለቆውን ይዞ ከዝዋይ በስተምዕራብ ይወርዳል። ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ ሐይቁ፣ ከሐይቁ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ተራራው ተደርድረው ይቆማሉ። ሰዓቱ እዚህ ይገለበጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስለምትመጣ ጥላ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲያ ከሐዋሳ ሲመለሱ ግን ፀሐይ ግድግዳውን ፊት ለፊት ትመታዋለች። ለእኔ በአገራችን ሰማይ ላይ ካሉት የመስኮት ወንበሮች አንደኛው ይኸው ነው፤ ከሐዋሳ ማታ፣ በቀኝ። ከተራራው ያለው ርቀት ከሮቤው ይበልጣል፣ ተራራው አንሶ ይታያል፣ ግን ሁሉም በቦታው ነው። ልጅ ሆነን ከላይ ወደ ታች ያየነውን ዝዋይን፣ ከዝዋይ ማዶ ሆኖ ወደ ላይ እንደማየት ነው።

ስለ መስታወቱ አንድ ቃል። የመስኮቱ መስታወት የሚያጠፋው ፎቶ ብዙ ነው፣ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የልብሳችን ነው። ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ልብሱ በፀሐይ ሲበራ መስታወቱ ላይ የሚታየው ጭላሎ ሳይሆን የራሱ ጥለት ነው። ጥቁር ጃኬት ወይም ሻርፕ በትከሻና በስልኩ ዙሪያ ማድረግ ነጸብራቁን ይገድለዋል። ስልኩን መስታወቱ ላይ ማስደገፍም አይገባም፤ የሞተሩ ንዝረት ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። አንድ ጣት ያህል ራቅ ማድረግ ይበቃል።

ባለፈው ኅዳር ወደ ሮቤ ስሄድ የቀኝ መስኮቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ነበሩ። ቀበቷቸውን አስሬላቸው እንደተነሳን ዓይናቸው በእኔ ደረት ላይ አልፎ መስኮቱን ሲፈልግ አየሁ። “አባባ፣ ይምጡ እዚህ” አልኳቸው። “የለም ልጄ፣ ቦታህ ነው” አሉ። ሁለተኛ ስለምናቸው ግን ተነሱ። ቆቃን ስናልፍ ምንም አላሉም። ዴራ ላይ ስንደርስ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ጣታቸውን ሽቅብ አንቀሳቀሱ፣ እንደሚያርስ ሰው፣ አንድ ትልም። “ይቺ የእኛ ናት” አሉኝ። የትኛዋን ማሳ እንዳሉ እኔ መለየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን የከብቶቹን መውረጃ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የጅረቱን መታጠፊያ ይነግሩኝ ጀመር፤ ሰባ ዓመት በእግራቸው የሄዱበትን መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እያዩት ነበር። ከእሳቸው ትከሻ በላይ ያየሁት ጭላሎ የፊቱ ግማሽ ብቻ ነበር፣ ግን እንደዚያ ቀን ያወቅሁት ጊዜ የለም።

ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ክሩን ዘርጉ፣ ሰዓቱን ተመልከቱ፣ ቀኙን ጠይቁ። መጋረጃውን አትዝጉ። ከጎናችሁ ያገሩ ሽማግሌ ወይም እናት ከተቀመጡ ደግሞ መስኮቱን ልቀቁላቸው፤ የምታዩትን የሚነግሯችሁ እሳቸው ናቸው።